ግማሹን ማሳ ለዘር ድንች

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ገሳይ ላይ ከመኪና ወርጄ፣ ሻንጣዬን በበቅሎ አስጭኜ ወደ ጉና ተዳፋት በእግሬ ወጣሁ። የወረዳው ኃላፊዬ ሲሸኙኝ «እዚያ ሰዉ በዝቷል፤ መሬቱ ግን ያው ነው። ከገብስ ሌላ የሚይዙት ነገር እንድታሳዪአቸው ነው የምንልክሽ» አሉኝ። ከኮሌጅ መውጣቴ ስለነበር «እሺ» ከማለት ሌላ አላወቅሁም።

የቀበሌው መተዳደሪያ ገብስ፣ ድንችና በግ ነበር። አባት ከማሳው ለልጁ ጉልማ ይቆርሳል፣ ልጁም በተራው ለልጁ። አንዳንዱ ማሳ ጥማድ በሬ ለማዞር እንኳ ይጠብ ነበር። የእኔ ሥራ ልማት ሠራተኝነት ስለሆነ ስሜን ትተው «ልማቷ» ይሉኛል።

ማደሪያ የሰጡኝ እማማ ጥሩዓለም ባላቸው የሞተባቸው፣ ሁለት ጎልማሳ ልጆች ያሏቸው ሴት ናቸው። ታላቁ ሙሉቀን እጮኛ ስላለው መሬቱ ይከፈል ይላል። ታናሹ ደሴ ቢከፈል ለማናችንም አይበቃም ባይ ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሙሉቀን «ድርሻዬን ካላገኘሁ መተማ ወርጄ ሰሊጥ አጭዳለሁ» አለ።

«አባትህን የገደለው የዚያ አገር ወባ ነው» አሉ እናቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልማቷ፣ አንቺም አንድ ነገር በይ እንጂ።»

ቅጠል የሚያጠቁረውን በሽታ የሚቋቋም የዘር ድንች ከምርምር ማዕከል መጥቶ ነበር። መሬቱን ሳትከፍሉ ግማሹን ለእሱ ስጡት፣ ዘሩን ለጎረቤት ትሸጣላችሁ አልኩ።

«ባይዝስ?» አለኝ ሙሉቀን።

አንገቴን ደፍቼ ማስታወሻ ደብተሬን አገላበጥኩ። እማማ ጥሩዓለም አየት አድርገውኝ «ባይዝ እንራባለን። ተከፍሎም ያው ነው። ይተከል» አሉ።

በመስመር ተከልን፣ ኮተኮትን፣ አፈር አስታቀፍን። ነሐሴ ላይ ጉም አልገለጥ ሲል የጎረቤት ድንች የፈላ ውኃ እንደተደፋበት ጠቆረ። በየቀኑ ቅጠል ሳገላብጥ መዋል ጀመርኩ። ማዕድ ቀርቦ ሳለ እንኳ ተነሥቼ ወደ ማሳው እሄዳለሁ። እማማ «ተቀመጪ፤ ማየትሽ አያድነውም» ይሉኛል። የእኛ ቅጠል አረንጓዴ እንደሆነ ክረምቱ ወጣ።

ወንድማማቾቹ ከባሕር ዛፍ አጣና ብርሃንና ነፋስ የሚያስገባ የዘር ቤት ሠሩ። ድንቹ መደርደሪያ ላይ አረንጓዴ ሲሆን ጎረቤት «ተበላሸባችሁ» ብሎ ሳቀ። ደሴ «ለድስት አይደለም፣ ለዘር ነው» ይላቸዋል። በመትከያው ወራት ጉንቁሉ አጭርና ወፍራም ሆኖ ወጣ። ዘር የጠፋባቸው ጎረቤቶች ጆንያ ይዘው መጡ፤ ብር የሌለው በገብስ ለወጠ።

ሙሉቀን መተማ ሳይወርድ አገባ። ደሴ ግን አንድ ማሳ ሁለት ትዳር አይችልም ብሎ፣ በእናቱ ምርቃት ደብረ ታቦር ገብቶ ብየዳ ተማረ። ድንቹ ለሁሉም አልበቃም፤ ወንድማማቾቹን ግን ሳይጣሉ አለያያቸው።

ወደ ደብረ ታቦር ስዛወር ልሰናበታቸው ሄጄ «እማማ፣ ያን ጊዜ እንዴት አመኑኝ?» አልኳቸው።

«አላመንኩሽም» አሉ። «ልጄ ባይዝስ ሲልሽ ስትደነግጪ አየሁ። የፈራ ሰው ይጠነቀቃል ብዬ ነው።»

እስከዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ለአዳዲስ ልማት ሠራተኞች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ምክራችን ባይሠራ እኛ ደመወዛችንን እንወስዳለን፣ የሚራበው ገበሬው ነው። መጀመሪያ በትንሽ መደብ ሞክሩ።