ሰዓት ጠጋኙ ሣህሌና የሩቁ ጨረታ

ቦንጋ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ ጋሽ ሣህሌ ሰዓት የሚጠግኑባት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረች። ሱቅ ትባል እንጂ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚያወራው። ጋሽ ሣህሌ የሺሺንዳ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው በንጉሡ ዘመን ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው እዚያው የቀሩ ጸሐፊ ነበሩ። ሙያውን ጅማ ከአንድ የመናዊ ነጋዴ ዘንድ ተምረው፣ ደርግ ሲገባም ደርግ ሲወጣም ያችኑ ማጉያ ዓይናቸው ላይ ሰክተው እንዳጎነበሱ ነበሩ። መንግሥት ቢለዋወጥ የሰው ሰዓት መበላሸቱ አይቀርም ይሉ ነበር። ሞባይል የሚባል ነገር መጥቶ ሰዓትን ከሰው እጅ ላይ ሲያወልቅ ግን ይህን ማለት ተዉ።

ይህም ሳያንስ በ2006 ዓ.ም. ክረምት የግራ ዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አላቸው፤ የጠፋው አይመለስም፣ ቀኙ ግን አዲስ አበባ ሄደው ቶሎ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ሊተርፍ ይችላል። ባለቤታቸው እትዬ ብርቅዬ ላሚቱን ወደ ገበያ ነዱ። የላሚቱ ዋጋ ለምርመራና ለመንገድ ሆነ እንጂ ለቀዶ ጥገናው አልደረሰም።

ጎረቤታቸው ኢያሱ፣ ኮምፒውተር አስቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍና ኢንተርኔት የሚያከራይ ሰው፣ አንድ ቀን ጋሽ ሣህሌ ከአባታቸው የወረሱትን የእጅ ሰዓት አየና ፈዞ ቀረ። ያ ሰዓት በየጠዋቱ ይሞላል፣ ዝንፍ ሳይል ይሄዳል።

«ጋሽ ሣህሌ፣ ይሄ እኮ ውጭ አገር በጨረታ ይሸጣል። ይኸውልዎ፣ እሱን የሚመስል ወንድሙ እዚህ ስክሪኑ ላይ አለ።»

ጋሽ ሣህሌ ማጉያቸውን አድርገው ስክሪኑን ተመለከቱ። ወንድሙ የተሸጠበት ዋጋ ቀኝ ዓይናቸውን ማዳን ብቻ ሳይሆን ላሚቱንም የሚመልስ ነበር። የአባትን ሰዓት መሸጥ አንጀት ይበላል፤ ማየት ካልቻሉ ግን ሰዓቱስ ምን ያደርግላቸዋል? እሺ አሉ።

የጨረታው ድረ ገጽ የእኛን አገር ባንክ አያውቅም ነበርና፣ ጣሊያን የምትኖረው የእህታቸው ልጅ በዛወርቅ በስሟ አካውንት ከፈተችላቸው። ኢያሱ ፎቶ አንስቶ፣ ኔትወርክ እስኪመጣ ጠብቆ፣ መብራት ሲጠፋ እንደገና ጀምሮ፣ ሰዓቱን ለዓለም አሳየ። ወዲያው ድረ ገጹ ክፍያ ጠየቀ።

«ገና ሳይሸጥ?» አሉ ጋሽ ሣህሌ።

«የከብት ገበያ ኮቴ ይበሉት። ከብቱ ቢሸጥም ባይሸጥም ይከፈል የለ?»

«ሲሸጥስ?»

«ያኔ ደግሞ ከዋጋው ላይ ይቆርጣሉ።»

ጨረታው የተዘጋ ዕለት እትዬ ብርቅዬ ሳይቀሩ ኢያሱ ቤት መጡ። ዋጋው ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ ስም የሌለው፣ መለያው ፊደልና ቁጥር ብቻ የሆነ አንድ ሰው አሸነፈ። እትዬ ብርቅዬ ፈጣሪን አመስግነው አለቀሱ።

ሰዓቱን ሲያሽጉ ነው ነገሩ የተበላሸው። ቦንጋ ገበያ ሽንብራ የሰፈረች ሴት ጣሳዋን ገልብጣ ዝም አትልም፤ አንድ እፍኝ ትመርቃለች። ሳይመርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ስሙ ስስታም ነው፣ ደንበኛውም አይመለስም። ጋሽ ሣህሌም ያን ሁሉ ዋጋ ለሰጣቸው ሰው ባዶ እጅ መላክ ከበዳቸው። ከመሳቢያቸው መልኳ የሚያምር፣ ሆዷ ግን የዛገ፣ ከቆመች የሰነበተች ሰዓት አውጥተው ከአባታቸው ሰዓት ጎን አስተኟት። ኢያሱም የገበያ ሴት ልጅ ነውና፣ «ደግ አደረጉ» አለ። ጥቅሉ በፖስታ ሄደ።

ገንዘቡ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ገዢው ዕቃው ደረሰኝ እስኪል ግን አይነካም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። ጋሽ ሣህሌ በየቀኑ እየመጡ «አለ?» ይላሉ፤ ኢያሱም «አለ» ይላቸዋል።

ከዚያ አቤቱታ መጣ። ሰውየው የዛገችዋን ሰዓት ብቻ ፎቶ አንስቶ፣ «የሚሠራ ሰዓት ገዛሁ፤ የደረሰኝ ይህ ነው» ብሎ ጽፏል። ስለ ሌላኛው ትንፍሽ አላለም። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት እንደሚባለው፣ ሌባው ደግነታቸውን አይቶ በዚያው ዘረፋቸው።

ኢያሱ የሚያውቀውን እንግሊዝኛ ሁሉ አሟጦ ጻፈ፦ ሁለት ነው የላክነው፣ አንዷ ምርቃት ናት፣ የአገራችን ደንብ ነው። የድረ ገጹ መልስ ሳይውል ሳያድር መጣ። ኢያሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመው።

«የማይሠራ ሰዓት መላካችሁን ራሳችሁ አምናችኋል። ጉዳዩ ተዘግቷል።»

ገንዘቡ ለሌባው ተመለሰ፤ የአባታቸው ሰዓትም እሱው ዘንድ ቀረ። ለድረ ገጹ የተከፈለው ግን አልተመለሰም፤ እንዲያውም ከዋጋው የሚቆረጠው ዕዳ ተብሎ በዛወርቅ ላይ ተጻፈና አካውንቷ ታገደ። በዛወርቅ ደውላ እኔ እከፍለዋለሁ፣ አይጨነቁ ስትል፣ ጋሽ ሣህሌ ከአፍረት የተነሳ ስልኩን ለሚስታቸው ሰጡ። ማንን ይክሰሱ? ስም የለው፣ አገር የለው። ኢያሱ ሌሎች ሰዓቶችን እንሞክር ቢላቸው፣ «በምን ዓይኔ መርጬ?» አሉት።

ቀኙ ዓይን በጥቂት በጥቂቱ ጠበበ። መጀመሪያ ከጎን የሚመጣ ባጃጅ ጠፋቸው፣ ቀጥሎ ብሎን፣ ቀጥሎ የሰው መልክ። እትዬ ብርቅዬ በጠዋት እጃቸውን ይዘው ሱቅ ያደርሷቸዋል፤ ጋሽ ሣህሌ ቤት መዋሉን አልቻሉትማ።

በጥር አንድ ቀን ከዋጫ የመጣች ነጋዴ ከሚኒባስ ወርዳ፣ በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ሰዓቶች ስታይ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ሆነ? መኪናው እንዳያመልጠኝ።»

ጋሽ ሣህሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፤ ሰዓቶቹ ሲሄዱ ይሰማሉ።

«አንቺው እይና ንገሪኝ፣ ልጄ» አሏት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ዓይናቸውን አየችና ወደ ግድግዳው ዞራ ሰዓቱን ነገረቻቸው።