የላጲስ ፊት

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ላጲስ» ነው የሚሏት። ላይኛው ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የሰው ብጉር ስታጠፋ ትውላለች፤ የሙሽራውን፣ የተመራቂውን፣ ለመታወቂያ ብሎ የተነሳውን። የሷን ግን ማን ያጥፋላት! አስራ አራት ዓመቷ ላይ የጀመራት ብጉር ሰላሳኛ ልደቷንም አብሯት አከበረ። ይሄ ግፍ ካልሆነ ታዲያ ምን ግፍ አለ?

አክስቷ ያላመጣችላት መድኃኒት የለም። ሰኞ ማር፣ ረቡዕ እሬት፣ ቅዳሜ እርድ በእርጎ። ማሩን ተቀብታ በጀርባዋ ስትጋደም ዓለም ቀስ እያለች ትርቃታለች፤ የጎረቤት ሬዲዮ፣ የቧንቧው ጠብታ፣ የደረጃው ኮቴ፣ ሁሉም ከሩቅ ይሰማታል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ፊቷ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ ይታያታል። ደስ ብሏት ፈገግ ስትል ማሩ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። እርዱማ ጉድ ሠርቷታል፤ አንድ ሰኞ ቢጫው ሳይለቃት ሥራ ብትገባ ባለፎቶ ቤቱ «ዛሬስ መብራት አያስፈልገንም!» ብሎ ቤቱን ሁሉ አሳቀባት። እሷም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች።

ይሄ ሁሉ ሲሆን የእናቷ ዓይን እየደከመ ነበር። ሐኪሙ ስኳሩ ነው፣ ከእንግዲህ ዓይኗ የሚያይላት ጥቂት ወር ነው ብሏል። እናትየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«የኔ ልጅ፣ ትልቅ አድርገሽ ፎቶሽን አምጪልኝ። አንቺማ ጠጋ ስልሽ ፊትሽን ታዞሪብኛለሽ። ዓይኔ ሳይከዳኝ ልጥገብሽ።»

«እሺ እማዬ፣ ይቺ አገጬ ላይ ያለችው ትድረቅና።»

ያቺ ደረቀች፣ ሌላ ወጣች። «እሬቱን ሁለት ሳምንት ልሞክረውና» አለች። ሁለቱ ሳምንት ሁለት ወር ሆነ። አንድ ቀን እናቷ የውሃ ብርጭቆዋን ከጠረጴዛው ጠርዝ አሳልፋ አየር ላይ አስቀመጠችው። ብርጭቆው ሲከሰከስ ላጲስ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በዚያው ቀን ፎቶ ቤቱ ሄዳ ፎቶ ተነሳች። ኮምፒውተሩ ላይ ስትቀመጥ ግን የለመደ እጅ ነውና ማንንም አልጠየቀም፤ ብጉሩን አንድ በአንድ አጠፋው። ጋዜጣ የሚያህል ፎቶ አትማ እየበረረች ወሰደችላት። እናትየው መስኮቱ ሥር ሄዳ አፍንጫዋ ላይ አስጠጋችው፤ ወደ ቀኝ አለችው፣ ወደ ግራ አለችው።

«ታምራለች» አለች በመጨረሻ። «የማን ሙሽራ ናት?»

ላጲስ ክው ብላ ቀረች። የገዛ እጇ ከእናቷ ዓይን ላይ አጠፋት! አፍታ አልቆየችም፤ ተመልሳ ሮጠች፣ ምንም ያልተነካውን አወጣች፣ እያንዳንዷን ብጉር ከነቅላቷ አተመች። እናትየው ይሄኛውንም አፍንጫዋ ላይ አስጠጋችው። የከሰዓቱ ብርሃን ወረቀቱ ላይ ተኝቷል፣ መጋረጃው ቀስ ብሎ ይወዛወዛል።

«አገኘሁሽ» አለች። «አገኘሁሽ፣ የኔ እናት።» ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የእናትየው ብርሃን ጠፋ። እሷ ግን ጠፋ ብላ ለማንም አልተናገረችም። ጠዋት ጠዋት፣ ልጇ ለሥራ ስትነሳ፣ ፎቶውን ከትራሷ ሥር አውጥታ አፍንጫዋ ላይ ታደርገዋለች።

«ዛሬ እኮ ቀንሶልሻል!» ትላለች።

ላጲስ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች። ፎቶው የተያዘው ተገልብጦ ነው፤ አገጩ ወደ ላይ፣ ግንባሩ ወደ ታች።

«አዎ እማዬ» ትላለች፣ «በጣም ቀንሶልኛል።»