እባብ በስንት ቀን ይበላል?

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ፣ ለእባቡ ከፍሪዘር ያወጣናትን አይጥ በሞቀ ውሃ ማሞቅ ነበር። እሱ በጣቱ እየነካ «ገና ናት» ይላል፤ እኔ በአንድ እጄ አፍንጫዬን ይዤ በሌላው ጎድጓዳ ሳህኑን እደግፋለሁ። እባቡ የልጃችን የሳምራዊት ነው። ለትምህርት ዴንተን ወደምትባል ከተማ ስትሄድ የተከራየችው አፓርትመንት እንስሳ ስለማይፈቅድ፣ እኛ በምንኖርበት በጋርላንድ ከተማ፣ እኛው ጋ ቀረ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እሱን ማብላት የባለቤቴ ሥራ ሆነ። «ከኛ ይሻላል፤ በየሰዓቱ ማዕድ ቤት አይመላለስም» እያለ ይቀልድ ነበር። ያችን አይጥ አብረን ባሞቅንበት ሳምንት ልቡ ቀጥ አለና ጥሎኝ ሄደ።

ከቀብሩ በኋላ እባቡ መብላት እምቢ አለ። አይጧን ባሞቅለት፣ በመቆንጠጫ ይዤ ባወዛውዝለት፣ ዞሮም አያያት። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። የሚኖርበትን የመስታወት ሣጥን መብራት አጠፋለሁ፣ መልሼ አበራለሁ። ባለቤቴ በእጁ ያኖረው ፍጡር በእኔ እጅ ቢሞትስ?

እንዲህ ስቁነጠነጥ ነው ልጅነቴ የመጣብኝ። ወልድያ፣ አክስቴ ቤት ሳድግ፣ ጓዳ ውስጥ ከእህል ጎታው ሥር የሚኖር እባብ ነበር። የቤት እባብ አይገደልም፤ ቤቱን ይጠብቃል ይባል ነበር። አክስቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በሸክላ ጻሕል ወተት ታስቀምጥለታለች። ጓዳው እርጥብ አፈርና የማሽላ ብናኝ ይሸታል። እኛ ልጆች በሩ ላይ ተደራርበን እንጠብቃለን፤ «ጭራውን አየሁት» የማይል አልነበረም፣ ሁላችንም እንዋሻለን።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተቱ ቀረ። እኔ መቀመጫ አጣሁ። ርቦት ቢወጣስ? ተላኪ ባሉኝ ቁጥር የጓዳውን በር በሩጫ አልፋለሁ። በመጨረሻ ቢጨንቀኝ አክስቴን ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ እባቡም ይጾማል?»

«አንቺ ገና ሕፃን ነሽ፣ ትበያለሽ። እሱ ግን ትልቅ ሰው ነው» አለችኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

የአክስቴ ልጆች «የንስሐ አባቱን ጠይቂያቸው!» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ወተቱ ተመልሶ ተቀመጠ። ወዲያው የቤቱ ድመት መጥታ ልሳ ጨረሰችው። ልጮህ ስል አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። «እኛ አስቀምጠናል። ሌላው የሱ ፋንታ ነው» አለች። በጣም ተናደድኩባት።

ያኔ የምሰጋው እባቡ እንዳይነክሰኝ ነበር፤ ዘንድሮ ይሄኛው እንዳይሞትብኝ ሆነ። ሳምራዊት ጋ ደወልኩ።

«ማሚ፣ ኖርማል ነው። ወራት ሳይበላ መኖር ይችላል። ሶ፣ ቶሎ ቶሎ አትነካኪው፣ ስትረስ ታደርጊዋለሽ።»

«አባትሽ ሲሰጠው ይበላ ነበር።»

«አንቺስ ማሚ? ዛሬ በላሽ?» አለችኝ።

ሄጄ ፍሪጁን ከፈትኩ። ለቅሶ ደራሾች ያመጡት ወጥ ክዳኑ ሳይከፈት ተደርድሯል።

በልጅነቴ ቤት ማን እንደበላ፣ ማን እንዳልበላ የሚያይ ዓይን አይጠፋም ነበር። እዚህ እኔና እባቡ ብቻ ነን። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አይጧን አስገባለትና ሣጥኑን እዘጋለሁ። አንዳንዴ ይበላል፣ አንዳንዴ ይተዋል። እኔም ወጥ አሙቄ፣ ቁጭ ብዬ እበላለሁ።