በሚስማር ላይ የቀረው ጆንያ

አያቴ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ቢውል ከወንበራቸው አይነሱም ነበር። በአንዴ ወርዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን ዓይናቸው በሚስማር ወደተሰቀለው ጆንያ ይሄዳል። «ቀስ ብሎ የሚመጣ ዝናብ እንግዳ ነው፤ እየሮጠ የሚመጣ ሌባ ነው» ይሉ ነበር።

እንዳባራ ከዳሞታ ተራራ ጥግ ካለው ተዳፋት ማሳችን ቁልቁል ይወርዱና፣ ጎርፉ ጠርጎ የታችኛው ጎረቤታችን ጎደሬ ውስጥ የጣለውን አፈር በጆንያ ዝቀው ዳገቱን ይሸከሙታል።

«አባባ፣ ዛሬም ሊሰርቁኝ መጡ?» ይላቸዋል ጎረቤታችን እየሳቀ።

«የሰረቀውስ ዝናቡ ነው፤ እኔ የራሴን ነው የምወስደው።»

እኔ ከሶዶ ለእረፍት ስመጣ ሰው ሲያየን አፍር ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጆንያውን ከትከሻቸው አልተቀበልኳቸውም።

እሳቸውን ከቀበርን ወዲህ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የወረደው ባለፈው ሳምንት ነው። ወንበራቸው ባዶ፣ ጆንያው በሚስማሩ ላይ፤ ቆርቆሮው ሲደበደብ የሁላችንም ዓይን ወደዚያ ሄደ። ሲያባራ ጎረቤታችን ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ጆንያ ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። አፈሩን እንሰቱ ሥር ዘረገፈውና፣

«ልጄ፣ የእሳቸው ነው። ገና ብዙ አለ» ብሎኝ ተመለሰ።

የአያቴን ጆንያ ከሚስማሩ አውርጄ ተከተልኩት።