የዳሪሙን ዝናብ ልንለካ

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ መቱ

የጨረር መለኪያዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በመኪና ወደ ዳሪሙ ተነሳን። ጃፓን ያለው የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ከደረሰበት ወዲህ «ዝናቡ ጨረር አለው፤ እንዳይነካችሁ» የሚል የስልክ መልእክት ከሰው ሰው ይዞራል። የፊዚክስ መምህር ነኝና ስቄ ማለፍ ነበረብኝ። ግን ዝናቡ ጀምሯል፤ እኔም ለክቼው አላውቅም። የሚነዱት ጋሼ ጀማል ናቸው።

ረፋድ፣ ኖፓ

ሻይ በፓስቲ። ባለሻይ ቤቱ የጣሪያ ውሃ መጠቀም ካቆመ ሰንብቷል። ከበርሜሉ ቀድቼ ለካሁ፤ ቁጥሩ መቱ ቤቴ ውስጥ ካየሁት አልተለየም። ደስ ብሎኝ ስነግረው፣ «የቆየ ውሃ ነዋ፤ አዲሱን ለካ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ዳሪሙ

መንገዱ ሲያበቃ መኪናውን ትተን በቡናው መሃል በእግር ወረድን። ጋሼ ጀማል የሚያውቋቸው እትዬ ጫልቱ የዝናብ ውሃቸውን ደፍተው በርሜሉን ገልብጠውታል። ምራታቸው ሎሚ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከወንዝ ውሃ ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች። ትናንት አዳልጧት ወድቃ ነበር።

«ይሄን ሮባ፣ ይሄን ዝናብ ፈርተን ነው» አሉ እትዬ ጫልቱ፣ ሰማዩን እያዩ።

ወዲያው ዘነበ። ሲያባራ የተገለበጠውን በርሜል ቂጥ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ መለኪያውን ወደ ጨርቁ አስጠጋሁ። ቁጥሩ እጥፍ ሆነ። ላቤ መጣ። ሎሚ ታየኛለች።

ዝናብ ከአየር ላይ የተፈጥሮ ጨረር ይዞ እንደሚወርድ፣ እሱም በጥቂት ሰዓታት እንደሚጠፋ አንብቤያለሁ። ከአደጋው የመጣ ከሆነ ግን ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ጨርቁን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። የቀረበልኝን ጎደሬ ወደ ጎን አድርጌ ቁጥሩን መዘገብኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁጥሩ ቀነሰ፤ እንደገና ቀነሰ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ወትሮው ተመለሰ።

መለኪያዬ ትንሽ መሆኑን፣ ከጣሪያው በጠርሙሶች የያዝኩት ናሙና ለትልቅ ምርመራ አዲስ አበባ እንደሚሄድ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እኔ ብሆን ግን እንደምጠጣው ጨመርኩ።

እትዬ ጫልቱ ትክ ብለው አዩኝ። «መሣሪያህን አላውቀውም፤ ቅድም ግን ስትፈራ አይቼሃለሁ። አሁን ፊትህ ተመልሷል።»

ሎሚ እንዳትነካው ከልክለው በርሜሉን ራሳቸው አቃንተው ከቆርቆሮው ጠርዝ ስር አቆሙት።

ሌሊት፣ መቱ

ጠርሙሶቹን ለነገው የአዲስ አበባ አውቶቡስ አሽጌ አዘጋጀሁ። ውጤቱ እስኪመጣ ቀናት ይፈጃል። ሎሚ ግን ሳትጠብቅ፣ ከሚቀጥለው ዝናብ ጀምራ ከበርሜሉ ትጠጣለች።