አክስቴ እጩ ሳትሆን የቀረችበት ስብሰባ

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዓረብ አገር ከተመለስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ እናቴ «አገርሽን እንደ እንግዳ ታያለሽ» እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው። እዚያ ሆኜ በስልክ ብቻ የሰማሁትን ሁሉ በዓይኔ ለማየት ስለምጓጓ፣ የተጠራ ስብሰባ አያመልጠኝም ነበር። ያንን ስብሰባም ያየሁት በዚሁ ሰበብ ነው። ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ከቀበሌያችን ማን ወደ ወረዳው ምክር ቤት እንደሚገባ የሚታወቀው ሰው ተሰልፎ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ይመስላችሁ ይሆናል። እኛ ዘንድ እንደዚያ አይደለም። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ፓርቲው ሰው ይሰበስብና «እጩ ጠቁሙ» ይላል። ሰው ይጠቁማል፣ የተጠቆመው ይጠየቃል፣ እጅ ይወጣል። ብዙ እጅ ያገኘው የፓርቲው እጩ ይሆናል። ሌላ ፓርቲ በእኛ በኩል ድርሽ ስለማይል፣ ያን ቀን ያለፈ ሰው አለፈ ማለት ነው። የድምፁ ቀን ለወጉ ነው።

አክስቴ ያንን ስብሰባ ስትጠብቅ ነው የከረመችው። የአባቴ እህት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የበግ ጸጉር እየፈተለች፣ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ እያሠራች ልጆቿን ያሳደገች። ሰው ሲጣላ የምትጠራው እሷ ናት። ምክር ቤት መግባት የፈለገችው ለአንድ ነገር ነው። በመንደራችንና ወደ ወረዳው ከተማ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ መካከል ያለው ወንዝ ክረምት በገባ ቁጥር ይሞላል፤ ድልድይ የለውም። የዚያን ዓመት ክረምት ታላቅ ልጇን ምጥ ይዟት በቃሬዛ ሲወስዷት ውሃው አላሳልፍ አለ። እስኪጎድል ዳር ላይ ዋለች። እሷ ተረፈች፣ ሕፃኑ አልተረፈም። ከዚያ ወዲያ አክስቴ «ወላሂ እዚያ ቤት ገብቼ ስለዚህ ወንዝ በነገርኳቸው» ትል ነበር። የምትለው ግን ለእኛ ለቤተሰቦቿ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ምኞት ሰው ፊት አይወራም።

የስብሰባው ቀን የቀበሌው አዳራሽ ግጥም አለ። አወያዩ ከወረዳ የተላከ ወጣት ነው፤ የእኛ አገር ልጅ አይደለም። ትሁት ነው፣ ግን ይቸኩላል፤ ከእኛ በኋላ ሌላ ቀበሌ ይጠብቀዋል።

መጀመሪያ የተነሱት ሼሁ ናቸው። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ቁርአን ያስቀሩ፣ ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ እሳቸው ሲነሱ ሌላው ይቀመጣል። አክስቴን ጠቆሙ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አክስቴ ተነሳች፣ ሻሿን አስተካከለች።

«ኧረ እኔን ይለፈኝ፤ ከእኔ የሚሻል ስንት ሰው አለ» አለች።

ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ ዘንድ ክብር ሲሰጠው «እሺ» ብሎ ዘሎ የሚቀበል ሰው የለም። የእድር ዳኛም ቢሆን፣ ለሽምግልና የሚላክም ቢሆን፣ የተጠራው «ይለፈኝ» ይላል። ሰው «የለም፣ አንተው ነህ» ይለዋል። ደግሞ «ይለፈኝ» ይላል፤ ሰው ይማጸነዋል። በመጨረሻ «እናንተ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ» ብሎ ይቀመጣል። በቃ፣ ተቀበለ ማለት ነው። እኛም «አንቺው ነሽ» ልንል ትንፋሽ ስንስብ አወያዩ ቀደመን።

«ተጠቋሚዋ ፈቃደኛ አይደሉም። ሌላ ጥቆማ።»

ግራ ገብቶን ስንተያይ ከኋላ አንዱ ባለወፍጮውን ጠቆመ። ባለወፍጮው ብድግ ብሎ «ደስ ይለኛል፣ እቀበላለሁ» አለ። ከተማ ስለሚመላለስ ያውቅበታል። ክፉ ሰው አይደለም፣ አልዋሽም። ግን ቤቱም ወፍጮውም ከወንዙ ማዶ መንገዱ ዳር ነው፤ ወንዙ ሞላ ጎደለ ለእሱ ያው ነው።

ሼሁ እንደገና ተነሱ። «ልጄ፣ እምቢ አላለችም እኮ። እንዲህ ነው የሚባለው።»

አወያዩ በአክብሮት «በራሳቸው አንደበት የተናገሩትን ነው የመዘገብኩት፤ ሰውን በግድ እጩ አናደርግም» አላቸው።

«ይኼ ልጅ እንግድነት ሄዶ አንዴ በቃኝ ሲል ገበታውን ያነሱበታል መሰለኝ» አለች ከጀርባዬ የተቀመጠች ሴት፣ «ለዚህ ነው የከሳው።»

አዳራሹ ሳቀ፣ ልጁም ሳቀ። ከዚያ ነገሩን ላስተካክል ብሎ መሰለኝ፣ ወደ አክስቴ ዞረ።

«እርስዎ ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?»

አማቶቿ ባሉበት፣ ሼሁ ባሉበት፣ «እፈልጋለሁ፣ እኔን ምረጡኝ» በይ መባሏ ነው። መሬት መሬት እያየች «እንግዲህ ሰው ካለ…» አለች።

«እሱ መልስ አይሆንም፣ እናቴ። አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ።»

አክስቴ ተቀመጠች።

ለባለወፍጮው እጅ ወጣ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ እጅ ያወጡት «አንቺው ነሽ» ሊሏት ትንፋሽ ይስቡ የነበሩት ሰዎች ናቸው። ብቻውን ለቀረበ ሰው እጅ አለማውጣት ማሳፈር ነዋ። አክስቴም አወጣች።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ጨቀጨቅኋት። አዎ ብትይ ምን ነበረበት፣ አንዲት ቃል አይደለም ወይ አልኳት።

«አንቺ ዓረብ አገር ለምደሽ ነው» አለችኝ። «ስጡኝ ብዬ ከለመንኩ ነገ ሰው ሲጣላ ማን ይሰማኛል?»

በአወያዩ ተናደድኩ፣ በእኛ ተናደድኩ፣ ባደግሁበት ይሉኝታም ተናደድኩ፤ አንዱንም ግን ጥፋተኛ ብዬ መጨረስ አልቻልኩም። ሼሁ በገበያ ቀን መካነ ሰላም ድረስ ሄደው ለወረዳው ኃላፊዎች አቤት አሉ። በክብር አስቀምጠው፣ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል አሏቸው።

የድምፁ ቀን ደርሶ ተሰለፍን፣ መረጥን፣ ባለወፍጮው ገባ። ስለ ወንዙ ስንጠይቀው «በዕቅድ ተይዟል፣ ኢንሻአላህ» ይለናል። ድልድዩ ዛሬም የለም።

የአክስቴ ልጅ በዓመቱ ደግማ አረገዘች። አክስቴ ግንቦት ሊያልቅ ሲል በጎቿን ሸጠች፣ መካነ ሰላም ሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየች። ውሃው ሳይሞላ ልጇን ይዛ ወንዙን ተሻገረች፤ እስክትወልድም እዚያው ተቀመጡ።