የእትዬ ዘይነብ ዶሮ

በእርጎ፣ በዝንጅብልና በእርድ ዘፍዝፌ ያሳደርኩት ዶሮ ኦቨን ውስጥ ሲበስል፣ ሽታው የድሬዳዋዋን ህንዳዊት ጎረቤታችንን እትዬ ዘይነብን አስታወሰኝ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። እናቴ አራስ ሳለች ሕፃኗ ሞቶባት ሳምንት ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም። እትዬ ዘይነብ እስላም ስለነበረች፣ ዶሮውን በአባቴ አሳርዳ በጓሮዋ ምድጃ ጋግራ አመጣችላት።

«አቦ ብዪ፣ ባልሽ ነው ያረደው» አለቻት። «እኔም ቦምቤይ ሁለት ትቼ ነው የመጣሁት።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻትና ከእጇ ጎረሰች።

እኔ ደስ ብሎኝ፣ «ልጆችሽ መቼ ይመጣሉ? አብረን እንጫወታለን» አልኳት። እትዬ ዘይነብ የዶሮውን ክንፍ ሰጠችኝ።

ሁለቱን ቀብራ እንደመጣች የገባኝ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው። ዛሬ ልጆቼ ገበታውን ከበው ሲሻሙ፣ የሁለቱን ስም እንኳ ሳልጠይቃት መቅረቴ ይቆጨኛል።